መስታወት የቀባችው ጠመንጃ

እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ ግን ከሃያ ዓመት በላይ በዚያ ስም የጠራት የለም። ሁሉም «መስታወት» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት አንድ የታክሲ ነጂ ነው። ተገጭቶ የገባ መኪናውን ሊረከብ የመጣ ዕለት፣ እሷ በቀባችው የመኪናው በር ላይ ጎንበስ ብሎ ጢሙን ሲያስተካክል ደረሱበት። «ምን እያደረግክ ነው?» ቢሉት «ቤቴ ካለው መስታወት ይሄ ይሻላል» አለ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ።

ወደ ቀለም ሥራ የገባችው በጓሮ በር ነው። መጀመሪያ መኪና አጣቢ ነበረች። ሽማግሌው ቀቢ ወገቡን ስለሚያመው፣ የመኪናውን የታችኛውን ክፍል በብርጭቆ ወረቀት እንድትፍቅለት ይለምናት ነበር። ትፍቅለታለች። ስትፍቅም በመዳፏ እየዳሰሰች ነው፤ ዓይን የማያየውን ጉድጓድ መዳፍ ያገኘዋል። ሽማግሌው ይህን እያየ ሁለት ዓመት ዝም አለ። አንድ ቀን ግን የቀለም መርጫውን እጇ ላይ አስቀመጠና «እኔ ከእንግዲህ ወንበር ላይ ነኝ» አላት። ወንዶቹ ሳቁ። ሴት ልጅንና ቲነርን ምን አገናኛቸው ያለም ነበር። ሦስተኛው መኪና ከወጣ በኋላ ግን የሚስቅ ጠፋ። ባለ መኪኖች ገና ከበር «ሴትዮዋ አለች?» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ።

የሥራ ጓደኛዋ ባትላሜራው ነው። የተጨማደደ ላሜራ የሚያቃናው እሱ፣ የተቃናውን የምታሳምረው እሷ። «መዶሻ» ይሉታል፤ በእጁ ካለው ይልቅ በአፉ ያለው ስለሚከብድ ነው የሚሉ አሉ። በእሱና በእሷ ክፍል መካከል አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ አለ፤ ከጠዋት እስከ ማታ በዚያ ግድግዳ ማዶና ማዶ ሲነታረኩ ይውላሉ። አንዱ ሳይመጣ የቀረ ቀን ደግሞ ሌላው ሥራ አይሆንለትም።

ታናሽ ወንድሟ የዱር እንስሳት ጥበቃ ዘብ ነው። እናታቸው ስታርፍ እሱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርና አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ድራዋለች። ዛሬ ጢሙ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበትም «እትዬ» ነው የሚላት፤ እሷም ጉንፋን ይዞት ከሆነ በስልክ ድምፁን ሰምታ ታውቃለች። የሚሠራው ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ባለ ሰፊ ሜዳ ላይ ነው። እሷ እዚያ ሄዳ አታውቅም። «ሣርና ዝንብ ለማየት ሁለት ሰዓት ልንገላታ?» ትለው ነበር።

አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ይህ ወንድሟ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ታቅፎ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። ከኋላው አቧራ የለበሰ ቦት ጫማ ያደረገች ቀጭን ሴት አለች።

መዶሻ ቀና ብሎ አየ። «ምንድነው ያቀፍከው? ሬሳ ነው?»

«ጠመንጃ ነው» አለ ወንድሟ።

መዶሻ መሣሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «እኔ ምንም አላየሁም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ቀጭኗ ሴት ቶሎ ብላ ገባችበት። «አይደንግጡ፣ የሚገድል አይደለም። ጥይት ሳይሆን መርፌ ነው የሚተኩሰው። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ እንስሳውን አስተኝተን የምናክመው በዚህ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤም አለን» አለችና ማኅተም ያለበት ወረቀት ዘረጋች።

መስታወት ብርድ ልብሱን ገለጠችው። አፈሙዙ እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል። ሰደፉ ቢጫ እንጨት ሆኖ፣ ቨርኒሹ ከላዩ ላይ ውሃ የፈሰሰበት ይመስላል። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ የሠራው ሰው እጁ ይባረክ የሚል ነበር።

«በጣም ያምራል» አለች።

«ችግሩ እሱ ነው፣ እትዬ» አለ ወንድሟ።

ከዚያ ቆመው ነገሯት። ሜዳው ላይ አንዲት አጋዘን አለች፤ ግልገል የምታስከትል። ሕገ ወጥ አዳኞች ያጠመዱት የሽቦ ወጥመድ አንገቷ ላይ ገባ። ታግላ ሽቦውን ከእንጨቱ በጠሰችው፤ ማነቂያው ግን አንገቷ ላይ ቀረ። ይኸው ሦስት ወር ሆነው። ሽቦው ሥጋዋን እየበላ ገብቷል፤ ቁስሉም አመርቅዟል። እሷን ለማስተኛት መርፌው ከአርባ እርምጃ በላይ አይደርስም። ሐኪሟ ስድስት ጊዜ በሆዷ ተሳበች። ስድስቱንም ጊዜ፣ ልትተኩስ ጠመንጃውን ቀና ስታደርግ ፀሐይ አፈሙዙን ትመታዋለች፣ አጋዘኗ ብልጭታውን ታያለች፣ አቧራ ብቻ ይቀራል።

«ጨርቅ አትጠቀልሉበትም?» አለች መስታወት።

«ጠቅልለን ነበር። ጨርቁ ተንሸራቶ የማነጣጠሪያውን መነጽር ሸፈነብኝ» አለች ሐኪሟ። «ከውጭ ሌላ እንዲገዛልንም ጠየቅን። መልሱ ‹በሚቀጥለው ዓመት› ነው።»

«እሷ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት የላትም» አለ ወንድሟ። «አለቃችን እስከ ቅዳሜ ማታ ሰጥቶናል። ካልሆነ እሑድ ጠዋት በጥይት እንገላግላታለን ብሏል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ስቃይዋን ማየት አቅቶት ነው።»

መስታወት ጠመንጃውን አየች፣ ወንድሟን አየች። «ታዲያ እኔ ምን አገባኝ? የኔ ሥራ ማብራት ነው። ለማፍዘዝማ ዝናብና ፀሐይ አለላችሁ አይደል?»

«እትዬ፣ ሣር አስመስዪልኝ። ሌላ የማውቀው ቀቢ የለኝም።»

እንዲህ ካላት በኋላ እምቢ የምትልበት አንደበት አልነበራትም። ሐኪሟ ጠመንጃውን ፊቷ ከፈተችና ባዶ መሆኑን አሳየቻት። መስታወት አላመነችም፤ በባትሪ ራሷ አጎንብሳ አየች።

ማክሰኞ ሌላውን ሥራ ሁሉ አቆመች። ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት አሸችው፤ ብረቱን በቲነር በራሰ ጨርቅ ደጋግማ ጠርጋ የዘይት ሽታ አጠፋችለት። የአፈሙዙን ቀዳዳ በጥጥ ወተፈችው። የመነጽሩን ሁለቱን ጫፍ፣ ቃታውን፣ የግፊት መቆጣጠሪያውን፣ የተቀረጸውንም ቁጥር ሳይቀር በፕላስተር ሸፈነች። እስከዚህ ድረስ ያው የመኪና ሥራ ነው። ቀለም ላይ ስትደርስ አረንጓዴ መረጠች፤ ሣር አረንጓዴ ነው ብላ። በአረንጓዴው ላይ በወረቀት ቀዳ የቆረጠቻቸውን ቡናማ ቅጠሎች በሰልፍ አወረደች። አንዱ ከአንዱ እኩል፣ ጠርዛቸው ጥርት ያለ። ሲያልቅ እጇ እንደለመደው ቀጭን ቨርኒሽ ሰጠችው። ያለ ቨርኒሽ ሥራ ከእጇ ወጥቶ አያውቅማ።

ረቡዕ ጠዋት ወንድሟና ሐኪሟ መጡ። ከጋራዡ በስተጀርባ የተጣሉ መኪኖች የሚቆሙበት፣ ሣር የበላው ሰፊ ግቢ አለ። ወንድሟ ጠመንጃውን እዚያ ሣር ውስጥ አጋደመውና አርባ እርምጃ ቆጥሮ ዞር አለ። ዓይኑን ማንከራተት እንኳ አላስፈለገውም።

«ይታያል?» አለች።

ወንድሟ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሐኪሟም «በጣም ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን...» ብላ ጀመረች። ነገሩን የጨረሰው መዶሻ ነው።

«አልጋ ልብስ ይመስላል» አለ። «የሚያምር አልጋ ልብስ። አጋዘኗ ባታመልጥ እንኳ መጥታ ትተኛበታለች።»

ማንም አልሳቀም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የመለሱባት ሥራ አልነበረም። ጠመንጃውን አንስታ ወደ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋች። ቁጭ ብላ አየችው። ሥራው ንጹሕ ነው፤ አንድ እንከን አይወጣለትም። እንከኑም ያ ነው። ይህን ለማመን ግማሽ ሰዓት ፈጀባት፤ መራራ ግማሽ ሰዓት ነበር።

ወጥታ ወንድሟን «መቼ ነው የምትመለሰው?» አለችው።

«አሁን።»

«ነገ ሳይነጋ መጥተህ ውሰደኝ። አላየሁትም እኮ። ያላየሁትን ነገር ነው ቅቢ ያላችሁኝ።»

ሐሙስ ገና ጎህ ሲቀድ ሜዳው ላይ ደረሱ። ወንድሟ በሆዷ እንድትተኛ ነገራት። በዚህ ዕድሜዋ፣ በዚህ ጉልበቷ፣ እያጉረመረመች ተኛች። ሣሩ ውስጥ አገጯን አስገብታ ስታይ መጀመሪያ የገረማት ነገር አረንጓዴ የሚባል አለመኖሩ ነው። ጫፉ ገለባ ነው፣ መሐሉ አመድ የመሰለ፣ ከሥሩ ደግሞ ጥላው ጥቁር ቡናማ። አንዱ ቀለም የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ድንበር የሚባል የለም። ሕይወቷን ሙሉ ድንበር ስታጠራ ኖራለች፤ እዚህ ድንበር የሠራ ሰው ተዋረደ።

ረጅም ሰዓት ተኙ። ጉንዳን እጅጌዋ ውስጥ ገባ። «የታለች?» አለች በሹክሹክታ።

«ፊት ለፊትሽ ቆማለች።»

«የት?»

«ሁለተኛው ቁጥቋጦ ሥር። ከመጣን ጀምሮ እዚያው ናት።»

መስታወት ዓይኗን አጠበበች። ቁጥቋጦ ብቻ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም እንዲሉ፣ ስታይ ቆይታ አላየችም። በኋላ አንድ ጆሮ ተነቃነቀ። ከጆሮው ቀጥሎ ዓይን፣ ከዓይኑ ቀጥሎ አንገት፤ እንደዚያ እያለ አንድ ትልቅ እንስሳ ከምንም ውስጥ ወጥቶ ቆመ። ጎኗ ላይ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ወርደዋል። መስመሮቹ ሆዷን ከጀርባዋ፣ ጀርባዋን ከእግሯ እየቆራረጡ፣ ዓይን አጋዘን ብሎ አንድ ላይ እንዳይሰበስባት ያደርጋሉ። የሚያሳብቀው ቀለሙ ሳይሆን ቅርጹ እንደሆነ ለመስታወት ያን ጊዜ ገባት። ቅርጹን የሰበረ ተደበቀ።

ከዚያ አንገቷን አየች። ፀጉሩ ተመልጦ ቀይ ሥጋ ይታያል፤ ዝንብ ሰፍሮበታል። ከሥጋው መሐል አንድ ቀጭን ነገር ብልጭ አለ። ከዚያ እንስሳ ላይ የሚያበራው ያ ሽቦ ብቻ ነበር። ግልገሏ ከእግሯ ሥር ቆሞ ሊጠባ ሲጎነትላት፣ አንገቷን ማጎንበስ አቅቷት ቀና እንዳለች ቀረች።

መስታወት ፊቷን ወደ ወንድሟ አዞረች። «ከረጢት አለህ?»

«ለምን?»

«ሣር ልጭንበት።»

ከረጢት ሙሉ ሣር፣ ጭራሮና ደረቅ ቅጠል፣ አንድ እፍኝም አፈር ይዛ ተመለሰች።  መዶሻ ከረጢቱን ሲያይ «በሬ ልታደልቢ ነው?» አላት። ሳትዞር አልፋው ክፍሏ ገባች፤ መዶሻም ከዚህ ይልቅ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

አልጋ ልብሱን ከጠመንጃው ላይ በቲነር አነሳችው። እንደገና አሸች፣ እንደገና ሸፈነች። አፈሩን መደርደሪያው ላይ በነጭ ወረቀት ላይ በትና፣ ከዓመታት የተረፉ የቀለም ቆርቆሮዎቿን አንድ በአንድ ከአጠገቡ እየከፈተች አስተያየቻቸው። ቆርቆሮዎቹን እንደ ዘመድ ታውቃቸዋለች። ገለባው ቀለም የአንድ ርዕሰ መምህር መኪና ነበር፤ ሰውየው ከመኪናው ጋር አርጅቷል። አመዱ፣ ከቀለም በፊት ለብረት የሚቀባው የዝገት መከላከያ ነው። ጥቁር ቡናማው ገደል ገብቶ የተረፈ የጭነት መኪና። ማድመቂያውን ሁሉ ትታ፣ እንዳያብረቀርቅ የሚያደርገውን ዱቄት አብዝታ አዋሃደቻቸው።

መጀመሪያ አመዱን በሙሉ ረጨች። ሲደርቅ ሣሩን በእፍኟ ይዛ አፈሙዙ ላይ አስደግፋ፣ መርጫውን አንድ ክንድ አርቃ፣ ገለባውን ቀለም እፍ እንደማለት አሳለፈችበት። ሣሩን ስታነሳው የሣሩ ጥላ ብረቱ ላይ ቀረ።  ሣሩን አዙራ፣ አጋድማ፣ አንዱን በሌላው ላይ ደረበች። ከአሮጌ መኪና ወንበር ስፖንጅ ቦጨቀችና ጥቁር ቡናማውን በስፖንጁ ጫፍ ነካ ነካ አደረገች፤ እዚህ ወፈር፣ እዚያ ሳሳ። አንዱን ነጠብጣብ ከአፈሙዙ ወደ መነጽሩ አሻገረችው፤ አፈሙዝ የት አልቆ መነጽር የት እንደሚጀምር እንዳይለይ። የአጋዘኗን ጎን እያሰበች፣ ሰደፉ ላይ ሦስት ቀጭን የገለባ መስመር አወረደች። እጇ እኩል ማድረግ ሲቃጣው በሌላው እጇ ትመታዋለች።

ከሁሉም የከበዳት መጨረሻው ነበር። ሥራው አልቋል፤ እጇ ግን ሳታዘው ወደ ቨርኒሹ ሄደ። ክዳኑን ግማሽ ከፍታዋለች። መዶሻ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሲያያት ነበርና ጉሮሮውን ጠረገ። ቆርቆሮውን አንስታ በግድግዳው በላይ አቀበለችው።

«ውሰድና ቆልፍበት። እስከ ቅዳሜ ብለምንህም እንዳትሰጠኝ።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመጡት ሦስት ሆነው ነው። ሦስተኛው አለቅየው ነው፤ ወፍራም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ የመሥሪያ ቤት ንብረት ምን እንደተደረገ በዓይኑ ሊያይ የመጣ። መስታወት ጠመንጃውን ቀደም ብላ በጓሮው ሣር ውስጥ አጋድማው ነበር።

«እዚህ ግቢ ውስጥ ነው» አለች። «ፈልጉት።»

ወንድሟ የዘብነት ዓይኑን ታምኖ ፈጥኖ ገባ። ወዲያ ወዲህ ሄደ፤ ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ሐኪሟ ከአሮጌዎቹ መኪኖች አጠገብ ጀምራ በመስመር ተመላለሰች። መዶሻ፣ ስታስቀምጠው በቀዳዳ አይቻለሁ ብሎ በቀጥታ ወደ አንድ ቦታ ሄደና፣ እዚያ ደርሶ ራሱን ማከክ ጀመረ። አለቅየው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሣሩን እየገላመጠ ቆየ። ሩብ ሰዓት አለፈ።

«እሜቴ» አለ በመጨረሻ ፊቱ ጠቁሮ፣ «ይህ የመንግሥት ንብረት ነው። ጠፋ እንዳትሉኝ ብቻ።»

«አልጠፋም» አለች መስታወት። «ብቻ እባክዎ ቀኝ እግርዎን አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ያድርጉልኝ። እንዳይረግጡት።»

አለቅየው ቁልቁል አየ። ቢያይም አላየውም። ወንድሟ ሮጦ መጥቶ ተንበረከከና እጁን ሣሩ ውስጥ አስገብቶ ጠመንጃውን ሲያነሳው፣ ከመጣ ጀምሮ ያልሳቀው አለቅየው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሐኪሟ ጠመንጃውን ተቀብላ በፀሐይ ላይ አገላበጠችው። ምንም አያበራም። ብርሃኑ እዚያ ደርሶ የሚጠፋ ይመስል ነበር።

መዶሻ ወደ መስታወት ጠጋ አለ። «ሩብ ሰዓት ሙሉ ሣር ስቃርም እያየሽ ዝም አልሽ?»

«አልጋ ልብስ ሲጠፋብህ ማየት ደስ ይላል» አለችው።

አለቅየው ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ። «ነገ አንቺም ነይ» አላት። «ሥራሽን ሥራ ላይ እዪው።»

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይዋ ጨካኝ ነበረች፤ ከዚያ በፊት ስድስቱንም ጊዜ ያዋረደቻቸው ዓይነት ፀሐይ። መስታወት ከወንድሟ ጋር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተኛች። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር እየተቀባበሉ ያያሉ። ሐኪሟ ታች ሜዳው ላይ በሆዷ ትሳባለች። አንድ ክንድ ትሄድና ታርፋለች። ከመቶ እርምጃ ሰማንያ፣ ከሰማንያ ስልሳ፤ ይህ ብቻ አንድ ሰዓት ወሰደ። አጋዘኗ ቆማለች፤ ግልገሏ ከኋላዋ።

አርባ እርምጃ ላይ ሐኪሟ ቆመች። ጠመንጃውን ማንሳት ጀመረች።

«አሁን ነው» አለ ወንድሟ። «ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው።»

አጋዘኗ ጭንቅላቷን አዞረች። ሁለት ጆሮዎቿ ቀጥ ብለው ወደ ሐኪሟ ዞሩ። በቀጥታ አፈሙዙን ታያለች። መስታወት መነጽሩን ዓይኗ ላይ አጥብቃ ጫነች። በልቧ ሠራሁት ያለችውን እያንዳንዱን ነጠብጣብ ቆጠረች፤ እዚያ ጋ ወፍሯል፣ እዚህ ጋ ረስቻለሁ፣ ፕላስተሩን ሳነሳ ጠርዙ ብረት ሆኖ ቀርቶ ይሆናል። አጋዘኗ ቆየች። ከዚያ እንደ ሰለቸው ሰው ዓይኗን መለሰችና፣ አንገቷ በፈቀደላት መጠን ወደ ቁጥቋጦው ቅጠል ዞረች።

አላየችም። አርባ እርምጃ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አይታ አላየችም።

ጠ የሚል ትንሽ ድምፅ መጣ። አጋዘኗ ዘላ ሮጠች፤ መርፌው ግን ታፋዋ ላይ ተሰክቷል፤ ቀይ ጭራው ከሩቅ ይታያል። ወንድሟ ሰዓቱን ያዘ። በስምንተኛው ደቂቃ እግሮቿ ተጠላለፉ፣ በዘጠነኛው ተቀመጠች፣ በአሥረኛው አንገቷን ሣሩ ላይ አሳረፈች። ወንድሟ «እትዬ ተነሺ» ብሎ እጇን ያዘና ቁልቁል ሮጡ። መስታወት ከልጅነቷ ወዲህ ሮጣ አታውቅም።

ሐኪሟ ደርሳ ተንበርክካለች። «ዓይኗን ሸፍኑልኝ፣ ብርሃን ያስደነግጣታል» አለች። መስታወት ሻሿን ፈትታ የአጋዘኗን ዓይን ሸፈነችና ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አስደገፈች። ከባድ ነው። ትንፋሿ ሙቅ ነው። ወንድሟ የብረት መቁረጫውን ሽቦው ሥር አስገባ። አንዴ ጨመቀ፣ እምቢ አለ። ሁለተኛ ሲጨምቅ ሽቦው ተበጠሰና ከሥጋው ውስጥ ክብ እንደሆነ ወጣ። ሐኪሟ ቁስሉን አጠበች፣ የሞተውን ሥጋ ቆርጣ አነሳች፣ መድኃኒት ሞላችበት፣ ወጋቻት። «ደሟ ጥሩ ነው። ቁስሉ ሰፊ ነው ግን ጥልቅ አይደለም፤ ትድናለች» አለች፤ ድምፅዋም ያን ጊዜ ነው የሰው ድምፅ የሆነው።

የማንቂያውን መርፌ ሰጥታት ሁሉም ወደ ኋላ ሸሹ። አጋዘኗ ጆሮዋን አራገበች። ተነሳች፣ ተንገዳገደች፣ ቆመች። ግልገሏ ከቁጥቋጦው ወጥቶ ሲመጣ አንገቷን ቁልቁል ዘርግታ አሸተተችው። ከሦስት ወር በኋላ ያጎነበሰችው ያን ጊዜ ነው። ሁለቱም ቀስ ብለው እየተራመዱ ሣሩ ውስጥ ገቡ፤ ጥቂት እንደሄዱም የትኛው ሣር፣ የትኛው አጋዘን እንደሆነ አልለይ አለ።

መስታወት ዓይኗን በእጅጌዋ አበሰች። ጋራዥ ውስጥ ቢሆን ቲነር ነው ትል ነበር። ወንድሟ አይቷት ትከሻዋን አቀፈ።

ሰኞ ዕለት ወሬው ከእሷ ቀድሞ ጋራዡ ደርሶ ነበር፤ ማን እንዳደረሰው አይጠየቅም። መዶሻ ለመጣ ባለ መኪና ሁሉ ሲያወራ፣ የፍለጋው ሩብ ሰዓት በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ሰዓት ሆነ፤ የአለቅየው ጫማም ጠመንጃውን ረግጦ አልፎ ነበር ተባለ። በወሩ ከአለቅየው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ቁጥርና ማኅተም ያለው፣ «ላደረጉልን ሙያዊ አስተዋፅዖ» የሚል። መስታወት መነጽሬን ረስቻለሁ ብላ መዶሻን አስነበበችው። አንብቦ ሲጨርስ «ጀነሬተሩ ይጮሃል፣ አልሰማሁም» አለችው። ጀነሬተሩ ጠፍቶ ነበር። መዶሻም ያውቃል፤ ግን ጉሮሮውን ጠርጎ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ጋራዡ ሁሉ እንዲሰማ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደገና አነበበላት።

ከዚያ ወዲህ የሌላ አካባቢ ዘቦችም የማደንዘዣ ጠመንጃቸውንና ዛፍ ላይ የሚሰቅሏቸውን የካሜራ ሣጥኖች ይዘው ይመጣሉ። «እንደዚያኛው አድርጊልን» ይሏታል። እሷ ጠመንጃውን ሳትነካ አስቀድማ የምትጠይቃቸው አንድ ነገር አለ።

«የምትተኙበት ሜዳ የት ነው? ድንጋይ ነው፣ ሣር ነው፣ አሸዋ? መጀመሪያ እዚያ ወስዳችሁ አስተኙኝ።»

ከእሷ የሚወጡት መኪኖች ዛሬም ፊት ያሳያሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ወንድሟ ይመጣል፤ አሮጌ ሱሪዋን ለብሳ፣ ከረጢቷን አጣጥፋ በብብቷ ይዛ፣ መኪናው ሳይቆም በሩን ለመክፈት ትጣደፋለች።